ፊቷ የወረደ ፒክአፕ፦ ብሎኗን ከማዞራችን በፊት

ኦስሎ ውስጥ ኦገስት ሲገባ ፒክአፕ ያለው ሰው ስልኩ አያርፍም። ከክሪንግሾ ወደ ቢዮልሰን፣ ከቢዮልሰን ወደ ግሮሩድ ቤት የሚቀይር ተማሪ ሁሉ አልጋና ፍራሽ የሚጭንለት ይፈልጋል። እኛም ለዚሁ ብለን ሦስት ጓደኛሞች እንደ ዕቁብ አዋጥተን አንዲት የ2003 ቶዮታ ሃይሉክስ ገዝተን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደብል ጋቢና፣ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ከሥር ዝገት የጀማመራት። ከኋላ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ከፊት ግን እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታለች። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል።

ከመካከላችን አንዱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ አይቶ ስለነበር ከሥር ገብቶ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በቁልፍ አጠበቀ። ፊቷ ከፍ አለ። ደስ አለን፤ ጨመርን። በጠቅላላው 5 ሳንቲሜትር ያህል አነሣናት። በረዶው ሲቀልጥ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ ጠርዛቸው ብቻ ተበልቶ ነበር። የቀኙ ሴሚያሴ ላስቲክ ተቀዶ ግራሶውን በጎማው ውስጠኛ ጎን ረጭቶታል። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ለምን መብራት ያበራብን እንደነበረም ያን ጊዜ ነው የገባን።

ብሎኗን ማዞር ከባድ አይደለም። እኛ የሳትነው ምን እያዞርን እንደሆነ ነው። ብሎኗ መኪናዋን ታጠነክራለች ብለን ነበር፤ እሷ ግን ምንም አታጠነክርም። የምትለውጠው መኪናዋ የምታርፍበትን ከፍታ ብቻ ነው፤ ያንንም በነፃ አትሰጥም።

ብሎን ያላት የትኛዋ ናት?

በመጀመሪያ መኪናችሁ ይህ ብሎን ይኑራት አይኑራት እዩ። ከፊት ጎማው ጀርባ አንገታችሁን አጎንብሳችሁ ተመልከቱ። ሾክ አብዞርበሩን የከበበ ወፍራም ሞላ ካያችሁ የሚዞር ብሎን የለም። ሞላ ከሌለና በምትኩ ከፊት ክንዱ ተነሥቶ በሻንሲው ጎን ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ካያችሁ ቶርሽን ባር ያላት ናት፤ ብሎኗም በዘንጉ የኋላ ጫፍ አጠገብ ናት።

አውሮፓ ውስጥ ከተሸጡት ባለ 4 ጎማ ኃይል ፒክአፖች መካከል እስከ 2005 የነበረው ሃይሉክስ፣ እስከ 2006 የነበረው ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ የድሮው ኒሳን ዲ 22፣ እስከ 2011 የነበረው ፎርድ ሬንጀር፣ ከ2002 እስከ 2012 የተሠራው የመጀመሪያው አይሱዙ ዲ-ማክስ ቶርሽን ባር አላቸው። ከእነዚህ በኋላ የመጡት ወደ ሞላ ዞረዋል። የሞላውን መኪና ከፍታ መለወጥ ማለት ሞላውን መፍታት ማለት ነው፤ ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ደግሞ በድንገት ሲለቀቅ ሰው ሊገድል ይችላል። ያንን በተገቢው መሣሪያ ለሚሠራ ጋራዥ ተዉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ቶርሽን ባር ነው።

ጋቢ ሲጨመቅ

ሁለት ሰዎች እርጥብ ጋቢ ሲጨምቁ አስቡ። አንደኛው ጫፉን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ይጠመዝዛል። ቶርሽን ባርም ይኸው ነው። የኋላ ጫፉ በሻንሲው ላይ ተይዟል፤ የፊት ጫፉ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ተያይዟል፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከላይኛው ወይም ከታችኛው ክንድ ጋር። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዘንጉ ይጠመዘዛል። ዘንጉ ለመፈታት ሲታገል ጎማውን መልሶ ወደ መሬት ይገፋዋል።

አሁን ጫፉን የያዘው ሰው እጁን ወደ ጠምዛዡ አቅጣጫ ትንሽ አዞረ እንበል፤ ጠምዛዡ ግን ጉልበቱን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጋቢው ከበፊቱ ይልቅ አይጨመቅም። የሁለቱም እጅ ቦታውን ለወጠ፤ ያ ብቻ ነው የሆነው። ብሎኗ የምታዞረው ይህን የያዘውን እጅ ነው። የመኪናዋ የፊት ክብደት ብሎን ስለዞረ አይጨምርም፤ ስለዚህ መኪናዋ ቆማ ሳለች ዘንጉ የሚሸከመውም የሚጠመዘዘውም ያው የበፊቱን ያህል ነው ማለት ይቻላል። ክንዱ ግን ሌላ ማዕዘን ላይ ሆኖ ቆመ፤ ፊቷም ከፍ አለ።

የዘንጉን ጥንካሬ የሚወስኑት ርዝመቱ፣ ብረቱና ከሁሉ በላይ ውፍረቱ ናቸው። ጥንካሬው በውፍረቱ 4ኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ዘንጉ በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር 1.1 ራሱን በራሱ 4 ጊዜ ይባዛል፤ 1.46 ይሆናል፤ ማለትም 46 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ከፊት ከባድ ነገር የጫነ ሰው፣ ለምሳሌ የበረዶ መጥረጊያ ወይም ዊንች ያስገጠመ፣ የሚያስፈልገው ወፍራም ዘንግ ነው። ብሎን በማጥበቅ ያንን ማግኘት አይቻልም።

ታዲያ ብሎኗ ስትጠብቅ መኪናዋ ለምን ጠንካራ ትመስላለች? እኛንም ያሳሳተን ይኸው ነው። ጎማው ከሚያርፍበት ቦታ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ወደ ታችም የሚወርድበት የተወሰነ ርቀት አለው። በሁለቱም ጫፍ ክንዱን የሚያቆም ላስቲክ አለ። ወደ ታች የቀረው 8 ሳንቲሜትር ነበር እንበል። መኪናዋን በ5 ስናነሣት ለጎማው 3 ብቻ ቀረለት። ከጉድጓድ በላይ ስታልፍ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ መውረድ ሲገባው ወዲያው ከላስቲኩ ጋር ይጋጫል፤ ሾክ አብዞርበሩም ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ድግ ይላል። እኛ ጥንካሬ ነው ብለን የተደሰትንበት ያ ድግ ድግታ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሼ ይህን ዓይነት አሠራር በ1931 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሽከረከሩት የድሮ ቮልሶች የሚያርፉት በዚሁ በሚጠመዘዝ ብረት ላይ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ቲ-55 ታንኮችም እንዲሁ። 36 ቶን የሚመዝን ታንክ የሚሸከም ብልሃት አንዲት ሃይሉክስ አይከብደውም፤ ዘንጉ በልኩ የተሠራ እስከሆነ ድረስ።

መጀመሪያ ሜትር

ፊቷ ወረደ ያልነው በዓይናችን አይተን ነው። ዓይን ደግሞ ይዋሻል። ፒክአፕ ባዶዋን ስትቆም ከኋላ ትንሽ ከፍ እንድትል ሆና ነው የተሠራችው፤ ጭነት ሲመጣ እንድትስተካከል። ብዙ ሰው ይህን የተፈጥሮ አቋቋም እንደ ጉድለት አይቶ ፊቷን ከኋላዋ ጋር ያስተካክላል። ከዚያ ጭነት ሲጭንባት ኋላዋ ይወርድና አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ስለዚህ ለኩ። የጎማዎቹን አየር በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ልክ ሙሉ። ጭነቱን አውርዱ። ኦስሎ ኮረብታማ ከተማ ስለሆነች ጠፍጣፋ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ወለል ብዙውን ጊዜ ውሃ እንዲወርድበት ያዘነበለ ነው፤ በውሃ ልክ አረጋግጡ። ካልሆነ መኪናዋን በዚያው ቦታ ላይ ፊቷን አዙራችሁ ሁለተኛ ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። የምትለኩት ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ነው፤ ከመሬት አትጀምሩ፤ የጎማው መጠንና አየር ያሳስታችኋል። አራቱንም ጎማ ለኩና ጻፉ። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ የራሱ የመለኪያ ነጥቦች አሉት፤ ካገኛችሁት እሱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ፓራፋንጎ በአደጋ ታጥፎ የተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል።

በሁለቱ የፊት ጎኖች መካከል 1 ሳንቲሜትር ያህል ልዩነት ብታዩ አትደንግጡ። ከዚያ ካለፈ ብሎኗን ከመንካታችሁ በፊት ወደ ኋላ ሂዱ። ምክንያቱን ለማየት በርጩማን አስቡ። ሦስት እግር ያለው በርጩማ በማንኛውም ወለል ላይ አይወላከፍም፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን የአንዱ እግር ማጠር የሌላውን ሸክም ይለውጣል። የኋላው ግራ ባሌስትራ ሲደክም ወይም አንድ ቅጠሉ ሲሰበር መኪናዋ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ የፊት ግራውም አብሮ ይወርዳል። ሰው ግን የሚያየው የፊቱን ነው፤ የፊት ብሎኑን ያጠብቃል፤ አሁን ሁለት ችግር አለበት።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናዋን በርጩማ አድርጓት። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ዝጉ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ እዚህ ላይ አትመኑት። ከኋላ መካከል ላይ ባለው የሻንሲ መሻገሪያ ብረት ሥር ክሪክ አስገቡና ክብደቱ ከባሌስትራዎቹ ላይ እስኪነሣ ብቻ ከፍ አድርጉ። አሁን መኪናዋ የቆመችው ከኋላ በአንድ ነጥብ፣ ከፊት በሁለት ቶርሽን ባር ነው። ከሥሯ ሳትገቡ ከጎን ሆናችሁ የፊቱን ለኩ። ፊቷ ከተስተካከለ ጥፋቱ ከኋላ ነው። አሁንም ከዘነበለች ከፊት ነው።

ከፊትም ቢሆን ሁልጊዜ ዘንጉ አይደለም። የክንዶቹ ጎማ ሊበላ፣ ክንዱ ሊታጠፍ፣ ዘንጉ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኦስሎ ዋና ዋና መንገዶች በበረዶው ወራት ጨው ይነሰነስባቸዋል፤ ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ዘንጉን በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ቀለሙ ተላጦ ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሠራበት አታጥብቁት። የሚጠመዘዝ ብረት የሚሰበረው ከገጹ ላይ ካለ ጭረት ተነሥቶ ነው። በዚሁ ምክንያት ዘንጉን በመዶሻ መምታትም፣ በፒንሳ ጥርስ መያዝም ክልክል ነው።

ሥራው

አንድ ነገር ላስቀድም፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ሁለት የብረት ማቆሚያ ቢልቴማም ሆነ ሌላ የመኪና ዕቃ መደብር ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪ ኪስ የሚጎዳ ዋጋ የለውም። ማቆሚያዎቹ በሻንሲው ሥር ይገባሉ፤ በክንዱ ሥር አይደለም። በበጋ ፀሐይ አስፋልቱ ሲለሰልስ እግራቸው ይሰምጣልና ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ አድርጉ፤ በበረዶ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩት። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ዝጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። መኪናዋ ማቆሚያው ላይ ካረፈች በኋላ ከጎን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሯት። ከወዛወዘች አውርዳችሁ እንደ ገና ጀምሩ።

የሥራውንም ቦታ አስቡበት። ብዙ ቦሬትስላጎች በማቆሚያቸው ላይ ጥገና በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ጎረቤትም ዘይት ሲንጠባጠብ ዝም አይልም። በኦስሎና በአካባቢዋ በሰዓት የሚከራዩ፣ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ የሚያነሣ ማሽን ያላቸው ራስን በራስ የመጠገኛ ጋራዦች አሉ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሠራው እንደዚያ አድርጌ ነው፤ መሬት ላይ በጀርባ ከመተኛት ይሻላል።

ከሥራው በፊት በነበረው ማታ በብሎኖቹ ጥርስ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩ፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ብሎኑ ከዳዶው ምን ያህል ወጥቶ እንደሚታይ በሁለቱም በኩል ለክታችሁ ጻፉ። ይህ ቁጥር መመለሻ መንገዳችሁ ነው። የግራና የቀኙ በጣም የሚለያዩ ከሆነ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው አንድ ሌላ ጉድለት በብሎን ሸፍኖ ሄዷል ማለት ነው።

የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ብቻ ነው ብሎኑ የሚዞረው። መሬት ላይ ቆማ ሳለች ብታዞሩት የመኪናዋን ክብደት በአንድ ብሎን ጥርስ እያነሣችሁ ነው፤ የዛገ ጥርስ ይላጣል። ብሎኑ በድንገት ቢበጠስ በዘንጉ ውስጥ ያለው ጉልበት የኋላ መያዣውን ይወረውረዋል፤ ፊታችሁን በሱ ትይዩ አታድርጉ። መቆለፊያ ዳዶ ካለው መጀመሪያ ፍቱት። በእጅ ቁልፍ አዙሩ፤ በአየር የሚሠራው ማሽን ስሜት አይሰጥም። ሲጠብቅ ከፍ ይላል፤ ሲላላ ይወርዳል።

በመጀመሪያ በሁለቱም በኩል 2 ሙሉ ዙር ብቻ አዙሩ። አውርዷት። አሁን ቶሎ ሜትር አታውጡ፤ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ስለነበር ሲወርዱ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ፤ መኪናዋም ከፍ ያለች ትመስላለች። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንዱ፤ የፊት መከላከያውን ደጋግማችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ ከዚያ ለኩ። 2 ዙር ስንት ሚሊሜትር እንዳነሣ ስታውቁ የቀረውን በሒሳብ ታገኙታላችሁ። አንዱን ጎን ብቻ ስትነኩ የሌላውም ቁጥር ይለወጣል፤ ስለዚህ በየጊዜው አራቱንም ለኩ። ከፋብሪካው ልክ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። መጽሐፉን ያላገኘ ሰው ራሱን ከ2 ሳንቲሜትር በላይ እንዳያነሣ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋት መኪና ብሎን ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት።

በብዙዎቹ መኪኖች የክንዶቹ መጋጠሚያ ጎማ የሚጠብቀው መኪናዋ በምታርፍበት ከፍታ ላይ ነው። ከፍታው ሲለወጥ ያ ጎማ ቀንና ሌሊት ተጠምዝዞ ይቆማል፤ በጥቂት ወራትም ይተረተራል። ስለዚህ መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ ቆማ ሳለች የክንዶቹን ብሎኖች አላልቶ በመጽሐፉ ልክ እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ ጋራዦችም ሲዘሉት አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው

ወደ አላይመንት ሂዱ፤ በዚያው ሳምንት። የክንዶቹ ማዕዘን ሲለወጥ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የጎማዎቹም አፍንጫ እንደ ቆላፋ እግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራል። በዓይን አይታይም፤ ጎማው ግን ያውቀዋል። የእኛ ሁለት የበረዶ ጎማዎች ያለቁት በዚህ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በበረዶው ወራት የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ አንድ ጠርዙ የተላጠ ጎማ ደግሞ መካከሉ የቱንም ያህል ቢያምር ጎማ አይደለም።

ባለ 4 ጎማ ኃይል ከሆነች ሴሚያሴዎቹን እዩ። ፊቷ ከፍ ባለ ቁጥር ከመሐል ወደ ጎማው የሚሄደው ሴሚያሴ ይበልጥ ያዘቀዝቃል፤ መገጣጠሚያውም በሰፊ ማዕዘን እየታጠፈ ይሽከረከራል። ላስቲኩ እጥፋቶቹ እየተፋተጉ ይቀደዳል፤ ግራሶው ይወጣል፤ የጨው ውሃ ይገባል። የላስቲኩ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የመገጣጠሚያው ግን አይደለም።

መብራቱ የረሳነው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ገደማ አለ። ፊቷን በ5 ሳንቲሜትር ስታነሡ መብራቱ በየ60 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይቃናል። ያ ማለት መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። በዲሴምበር የኦስሎ ቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ጨለማ ነው፤ ሰው ከልጁ ጋር የሚሻገርበት ጨለማ። ከሥራው በፊት መኪናዋን ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ የመብራቱን የላይኛውን ጠርዝ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ሲያልቅ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት አቁማችሁ ከምልክቱ ጋር አመሳክሩ፤ ከመብራቱ ጀርባ ባለው ማስተካከያ መልሱት። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ ጎማ ለጭነት ጊዜ ናት፤ ለዚህ አትጠቀሙባት።

ሕጉንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው። የደከመን ሰስፔንሽን ወደ ፋብሪካው ከፍታ መመለስ ጥገና ነው፤ ከዚያ አልፎ መኪናዋን ከተመዘገበችበት ሁኔታ መለወጥ ግን ማሻሻያ ስለሆነ የስታተንስ ቬግቬሰንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለዚያ አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንሱም ጉዳይ ያወዛግባል። የአገር ቤቱ ቦሎ ታላቅ ወንድም የሆነው ኢዩ-ኮንትሮል ከ3.5 ቶን ላልበለጠች መኪና መጀመሪያ በ4ኛ ዓመቷ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይመጣል፤ የተቀደደ ላስቲክም፣ የተዛባ መብራትም፣ የላላ ቴስቲናም እዚያ ይገኛል። ጉድለት ከ1 እስከ 3 ይመዘናል፦ 2 የተጻፈበት ተጠግኖ እንደ ገና ይታያል፤ 3 ከተጻፈበት መኪናዋን ከዚያው ነድቶ መውጣት አይቻልም።

የአይስላንዱ አርክቲክ ትራክስ ያዘጋጀው ሃይሉክስ በ2007 እስከ ማግኔታዊው ሰሜን ዋልታ መድረሱን የሚጠቅስልኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ያ መኪና ግን ከግዙፉ ጎማው ጀምሮ እንዲያ እንዲቆም ሆኖ በባለሙያ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነው፤ አንድ ብሎን ጠብቆለት አይደለም።

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ያሉት አጎቴ ደወሉ። ድንችና ገብስ የሚያመላልሱባት የ2008 ዲ-ማክስ አለቻቸው። «አንተ ልጅ፣ ፊቷ በግራ ወርዶብኛል፤ ብሎኗን ሁለት ጊዜ አስጠብቄ ተመልሳ ወረደች። ቶርሽን ባሩ ሞቷል አሉኝ። ሶማሌ ተራ የጠየቁኝን ዋጋ ብነግርህ ትስቃለህ፤ ከዚያ ላክልኝ» አሉ። «ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ» አልኩና የበርጩማውን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ሆኖም በማግስቱ ጋራዥ ሄደው መካኒኩን ከኋላ መካከል ላይ በክሪክ አስነሧት፤ ስልኩን ከፍተው ሜትሩን ያነቡልኝ ጀመር። ፊቷ ቀኝና ግራው እኩል ነበር። ከኋላ በግራ በኩል ሁለተኛዋ የባሌስትራ ቅጠል ከመካከሏ ተሰብራ፣ በጭቃ ተሸፍና ሳትታይ ቆይታለች። መካኒኩ ቅጠሏን ቀየረ፤ የፊት ብሎኗንም ሁለት ጊዜ የጠበቀውን ያህል መልሶ አላላት።